ያየሁት፣ የገመትሁት

ስለ ሐረግ አድማሴ ሁለት ሰዎች ሁለት ነገር ጽፈዋል።

የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር አቶ ንጉሡ እንዲህ ይላሉ፤ «ተማሪዋ ሰነፍና እንቅልፋም ናት። በታሪክ ክፍለ ጊዜ ራሷን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ታንቀላፋለች። ስትጠየቅ አትመልስም። የቀረችባቸው ቀናት ሃያ ስድስት ደርሰዋል። ለብሔራዊ ፈተና ብትቀርብ ለራሷም ለትምህርት ቤቱም የሚተርፍ ነገር የለም።»

የሒሳቡ መምህር አቶ መለሰ ደግሞ እንዲህ ይላል፤ «ሐረግ በስምንተኛ ክፍል ካሉት ሁሉ ንቁ ናት። ጥያቄውን ጽፌ ሳልጨርስ መልሱን ይዛ ትጠብቀኛለች። አንድ ቀን እኔ ራሴ ሰሌዳው ላይ የሳትሁትን በትሕትና አርማኛለች። እንዲህ ያለች ተማሪ በአሥር ዓመት አንዴ ብትገኝ ነው።»

ክንፈ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግቶ ሦስት ጊዜ አነበባቸው። ሁለቱም ሰዎች ውሸታም አይደሉም። አቶ ንጉሡ ሃያ ዓመት ያስተማሩ፣ ለማንም ልጅ ክፉ የማይመኙ ሰው ናቸው። መለሰም ሌላው ነገር ሁሉ ቀልድ ይሁንበት እንጂ በተማሪ ውጤት ሲቀልድ አልታየም። ታዲያ አንዲት ልጅ እንዴት ሁለት ልትሆን ቻለች?

ክንፈ በዩኒቨርሲቲው የሁለተኛ ደረጃ መምህራንን በሚያዘጋጀው ክፍል ሦስት ዓመት ተምሮ፣ የአንድ ዓመት አገልግሎቱን ሊፈጽም መካነ ሰላም ከመጣ ወራት ተቆጥረዋል። የስምንተኛ ክፍል ኃላፊነቱም ለእሱ ተሰጥቶታል። ሳይጨርሰው ይዞት የመጣ አንድ ኮርስ ግን ነበረው፤ የወጣቶች ሥነ ልቡና። የኮርሱ መምህር ሲሸኙት እንዲህ ብለውት ነበር፤ «አንድ ተማሪ ምረጥና አሥር ሳምንት ተከታተል። ገጹን ለሁለት ክፈለው። በግራ ያየኸውን፣ በቀኝ የገመትኸውን ጻፍ። ግራውን ከቀኙ መለየት ያቃተው ሰው ሌላ ሥራ ይፈልግ፤ ልጆቹን ለቀቅ ያድርግ።»

መጋቢት ላይ ሐረግን የመረጣት በእነዚያ ሁለት ወረቀቶች ምክንያት ነው። የኮርስ ሥራ መስሎት ጀመረው። ግንቦት ሲገባ ግን ነገሩ ከኮርስ አለፈ። የተፈታኞች ስም ዝርዝር በወሩ መጨረሻ ወደ አውራጃ ይላካል፤ ከሠላሳ ቀን በላይ የቀረ ተማሪ፣ የክፍሉ ኃላፊ በቂ ምክንያት ጽፎ ርእሰ መምህሩ ካልፈረሙበት በቀር ስሙ አይገባም። ወንድ ልጅ ቢሆን «ለከርሞ» ይባላል። ለአሥራ ስድስት ዓመት የገጠር ልጅ ግን ከርሞ የሚባል ነገር የለም። አጎቷ ባል አዘጋጅተው የዘንድሮውን ሰኔ ይጠብቃሉ። ካለፈች ደሴ ሄዳ ዘጠነኛ ክፍል ትገባለች፤ ካልተፈተነች ትዳር ትገባለች። ይህን ሐረግም ክንፈም ያውቃሉ።

የመጀመሪያውን እንቆቅልሽ የፈታው በትዕግሥት ነው። ባልደረቦቹን እያስፈቀደ ከክፍሉ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስድስት ሳምንት ሙሉ ልጅቱን ከጧት እስከ ማታ ተመለከታት። አንድ ቀን መምህራን ክፍል ገብቶ መለሰን በደስታ ያዘው።

«ተገኘ! ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው።»

«እኔና ርእሰ መምህሩ? ሁለታችን በአንድ ነገር ተስማምተን አናውቅም እኮ።»

«አንተ የምታስተምራት ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እሳቸው የሚያስተምሯት ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ጧት እንደ ንብ ናት። ከሰባት ሰዓት በኋላ ትደክማለች፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንገቷ ራሷን መሸከም ያቅተዋል።»

መለሰ ጠመኔውን ከጣቱ እያራገፈ ሳቀ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ያስቀመጡህ ሰዓት ማየት ለማስተማር ነው? ይሁን ፕሮፌሰር። ለምን ትደክማለች?»

«ትጾማለች።»

ይህን ሲል በሙሉ እምነት ነበር። ከሩቅ የሚመጡ ተማሪዎች ምሳ ሰዓት ላይ ስንቃቸውን ይዘው ከባሕር ዛፉ ሥር ይሰበሰባሉ። ሐረግ ደብተሯን ይዛ ወደ አጥሩ ትሄዳለች። በዐቢይ ጾም ጠይቋት «ጾም ነኝ ጋሼ» ብላዋለች፤ ያኔ ማንም ይጾማል፤ አልገረመውም። ከፋሲካ በኋላም ከአጥሩ ሥር ሲያያት ጊዜ ደግሞ ጠየቃት። አንገቷን ደፍታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ቀኖና አለብኝ፣» አለችው።

እዚህ ላይ ሌላ አገር ያደገ ሰው ቢሆን ሁለተኛ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር። ክንፈ ግን ኩታበር፣ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ያደገ ልጅ ነው። ቀኖና የንስሐ አባት ለንስሐ ልጁ ስለ ኃጢአቱ የሚሰጠው ቅጣት ነው፤ ምክንያቱ በሁለቱና በእግዜር መካከል ይቀራል። እናቱ ወይዘሮ ብርሀንነሽ «የሰው ቀኖና ለምን አይባልም፤ ለምን ያልህ እንደሆነ ኃጢአትህን ቁጠርልኝ ማለትህ ነው» እያሉ ነው ያሳደጉት። ስለዚህ አፉን ያዘ፣ ዓይኑንም ሰበረ፣ ወደ ክፍሉም ተመልሶ በግራው ዓምድ ላይ «ትጾማለች» ብሎ ጻፈ።

የኮርሱ መመሪያ የተማሪውን ቤት መጎብኘትም ያዛል። ግንቦት አሥራ አንድ፣ ቅዳሜ ጧት፣ ክንፈ ዱላውን ይዞ የሁለት ሰዓት መንገድ ተጓዘ። የሐረግ ቤት ወደ ዓባይ ቆላ ቁልቁል በሚያየው ጠርዝ ላይ ነው። በዚያ ወቅት የበልግ ገብስ ጉልበት ሊደርስ ይገባው ነበር። ማሳው ግን እንደ ተላጨ ራስ ግራጫ ሆኖ ይታያል። ያለፈው ክረምት ዝናብ ቶሎ ወጥቶ ነበር፤ በልጉ ደግሞ ጭራሹን ቀረ። አባትየው አድማሴ ጥር ላይ ዓባይን ተሻግረው ጎጃም እህል ፍለጋ እንደ ሄዱ ናቸው።

እናትየው ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ከደጅ ወጥተው ተቀበሉት። ቀጥ ያሉ፣ ነጠላቸውን አሳምረው የሚለብሱ ሴት ናቸው።

«መምህር በእግርዎ ለኛ ሲሉ ይኼን ሁሉ መንገድ! ይግቡ፣ ይግቡ። ሐረግ፣ መደቡ ላይ አጎዛ ጣይ።»

ሐረግ አጎዛውን አነጠፈችና በጓሮ በኩል ወጣች። ጥቂት ቆይታ በሰፌድ የተሸፈነ ነገር ይዛ ገባች። ቂጣ ነው፤ በርበሬ የተቀባ፣ የገብስ ቂጣ።

«በልቼ ነው የመጣሁት እናቴ፣» አለ ክንፈ።

«እዚያ የበሉት እዚያ ነው። እዚህ የእኔ ቤት ነው።»

«እውነቴን ነው፣ ጠግቤያለሁ።»

«በሞቴ! እንግዳ ሳይበላ ከወጣ እኮ ምሰሶው ይታዘበኛል።»

«እንግዲያው አብረን እንብላ።»

«እኔ አሁን ነው በልቼ እጄን የታጠብሁት። እሷ ደግሞ ያው ቀኖናዋ አለ።» ቁራሽ ቆርሰው ወደ አፉ ዘረጉ። «እንኩ፣ እጄን አይመልሱት።»

እጅ አይመለስም። ጎረሰ። ከዚያ ሌላ ጎረሰ። ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ስለ ልጃቸው ትምህርት እየጠየቁ፣ ስለ ባላቸው እየተጫወቱ፣ ዓይናቸውን ግን ከሰፌዱ ላይ ሳያነሡ እስከ መጨረሻው አበሉት። ሲወጣ መርቀው ሸኙት። መንገድ ላይ ከድንጋይ ላይ ተቀምጦ ደብተሩን አወጣና በግራው ዓምድ ጻፈ፤ «ቤተሰቡ እንግዳ ተቀባይ ነው። በቤቱ ምግብ አለ።» እንግዲህ የቀረው ቀኖናው ብቻ ነው ብሎ አሰበ። ቀኖናው ከተነሣላት ልጅቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይም ትነቃለች።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ቅዳሴ እንደ ወጣ፣ የቤተሰቡን የንስሐ አባት መምሬ ወልደ ገብርኤልን ከጥዱ ሥር ተቀምጠው አገኛቸው። መስቀላቸውን ተሳለመና ከእግራቸው ሥር ቁጭ አለ።

«አባቴ፣ ድፍረት አይሁንብኝ፤ ስለ አንዲት የንስሐ ልጅዎ ልለምንዎ መጥቼ ነው። ስለ ሐረግ።»

«ምን ሆነች?»

«ምን እንዳጠፋች አልጠይቅም፤ የኔ ጉዳይ አይደለም። ግን ፈተናው ደርሷል። እየጾመች ከሰዓት በኋላ ትምህርቱ አልገባት ብሏል። ቀኖናውን ከፈተናው ወዲያ ቢያደርጉላት ብዬ ነው።»

መምሬ ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «ቀኖናው መቼ ተሰጠኝ አለችህ?»

«ከፋሲካ ወዲህ መሰለኝ።»

«አንተ አገርህ የት ነው?»

«ኩታበር።»

«ኩታበር ክርስቲያን አለ?»

«እንዴታ አባቴ! እኔም ክርስቲያን ነኝ።»

«ደግ። ዛሬ ምንድን ነው?»

«ግንቦት አሥራ ሁለት። ሚካኤል።»

«ከትንሣኤ ወዲህ ስንተኛ ሳምንት?»

ክንፈ «ሦስ…» ብሎ ጀመረና አቋረጠ።

በዓለ ኀምሳ ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ሃምሳ ቀን ጾም የለም፤ ስግደት የለም፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላባቸዋል። ይህን በኩታበር የጡት ልጅም ያውቀዋል።

«ታውቀዋለህ ለካ፣» አሉ መምሬ ፊቱን አይተው። «እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ክርስትናህን ከበሩ ላይ አስጥለውህ መስሎኝ።»

«አውቀው ነበር። ግን ‹ቀኖና› ስትለኝ… ከዚያ በኋላ ማሰብም ነውር መሰለኝ።»

የመምሬ ቁጣ በረደ። «እኔም ብሆን አልጠይቃትም ነበር፣» አሉ። «ማንም አይጠይቃትም። ልጅቱ ይኸን አውቃ ነው እዚያ የተሸሸገችው። እኔ ስለ ንስሐ ልጄ የማወራው የለኝም። ይህችን ብቻ ልንገርህ፤ ቀኖናውን የሰጠኋት እኔ አይደለሁም። ሰማዩ ነው።»

ክንፈ ቤቱ ገባ። ደብተሩን ዘረጋ። «ትጾማለች» የሚለውን ሰረዘና «ስትበላ አላየሁም» ብሎ ጻፈ። «በቤቱ ምግብ አለ» የሚለውንም ሰረዘ። በምትኩ እንዲህ አለ፤ «ለእኔ ምግብ ቀረበልኝ። ልጅቱ በጓሮ ወጥታ ቂጣውን ከውጭ ይዛ ገባች። ምድጃው ላይ እሳት አልነበረም። እናቲቱ አልበሉም።» ይህን ሁሉ በዓይኑ አይቶታል። አይቶ አልጻፈውም። የቀኙን ዓምድ ባዶውን ተወው፤ የሚገመት ነገር አልቀረም።

ሰኞ፣ ተማሪው ሲበተን፣ ሐረግን ሰሌዳ እንድታጸዳ አስቀራት።

«ከመምሬ ጋር ተገናኝቼ ነበር።»

እጇ ሰሌዳው ላይ ቆመ። «ነገሩዎት?»

«ምንም አልነገሩኝም። ሳምንት ብቻ አስቆጠሩኝ።»

ፊቷን አላዞረችም። «እናቴ እንዳትሰማ፣» አለች። «ጋሼ፣ እናቴ እኮ የሰው ድግስ ስትደግስ የኖረች ሴት ናት። ‹የየዓለምዘርፍ ቤት ራበው› ከተባለ አገር ጥላ ትሄዳለች። አባቴስ ሲመለስ ፊቱን ወዴት ያደርገዋል?»

«ምክንያት ካልጻፍሁ ግን ስምሽ አይላክም።»

«ይቅርብኝ።»

«እንዲህ በቀላሉ?»

«በቀላሉ አይደለም፣» አለች፤ አሁን ዞረች። ዓይኖቿ ሞልተዋል። «የሒሳቡን መጽሐፍ ጨርሼዋለሁ። ሁለት ጊዜ። ግን ይቅርብኝ።»

ክንፈ ከቦርሳው በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ አወጣና ዘረጋላት። «በይ፣ እንኪ።»

«ጾም ነ…» አለች ከልማድ፣ ቃሉም አፏ ላይ ቀረ። ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት፤ እንባዋ እየወረደ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። ዳቦውን ግን አልተቀበለችውም። ክንፈም «ራስሽ ወይም እናትሽ ካላላችሁኝ በቀር ከአፌ አይወጣም» ብሎ ቃል ገባላት።

የክንፈ ዳቦ ያልቻለውን መምሬ በሥልጣናቸው ቻሉት። ረቡዕ ጧት ሐረግ እንደ መቆጣትም እንደ መሳቅም እያደረጋት መጣች።

«መምሬ ጠርተውኝ ነበር ጋሼ። ‹በስሜ ዋሽተሻል፤ ያልሰጠሁሽን ቀኖና ሰጠኝ ብለሻል፤ ስለዚህ እውነተኛውን ተቀበዪ› አሉኝ። ከዛሬ ጀምሮ ፈተናው እስኪያልፍ ጧት ጧት ከሰንበቴው ቤት ንፍሮ ሳልበላ ትምህርት ቤት እንዳልመጣ። ማታም ለእናቴ ይዤ እንድገባ፤ እሷም በውሸቱ አብራለችና። እምቢ ብንል አልፈታችሁም አሉ።»

ሰንበቴ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባላቱ በተራ ቀለብ የሚያመጡበት ማኅበር ነው። የዘንድሮው ቀለብ ቀጭን ቢሆንም ጥቂት ባቄላ ተርፋ ነበር። ወይዘሮ የዓለምዘርፍ የጎረቤት እህል ቢመጣላቸው ከደጅ ይመልሱ ነበር፤ ቀኖና ግን አይመለስም። ከሳምንት በኋላ አቶ ንጉሡ መምህራን ክፍል ገብተው፣ «ያች እንቅልፋም ዛሬ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ ያውም መልሱን ማየት ያስፈለገኝን» አሉ። ክንፈ በግራው ዓምድ ቀኑን መዘገበ።

እስከ ግንቦት ሠላሳ አራት የደረሱት የቀረችባቸው ቀናት ግን የትም አልሄዱም። ክንፈ አንድ ቀን ቢሮ ገብቶ አቶ ንጉሡን በዘወርዋራ ጠየቃቸው።

«በቂ ምክንያት የሚባለው ምን ምን ነው?»

«ሕመም። ሐዘን። የወላጅ ሞት።»

«ችግርስ?»

«ምን ዓይነት ችግር?»

አቶ ንጉሡ ተነሥተው በሩን ዘጉ።

«ልጄ፣ የት እንደምትሄድ ገብቶኛል። ሌላ ወረዳ ያለ አንድ ርእሰ መምህር ‹ተማሪዎቼን ራባቸው› ብሎ ጽፎ ተጠርቶ ሄደ፤ እስካሁን አልተመለሰም። እኔ አምስት ልጆች አሉኝ። እንዲህ ያለ ችግር በአገራችን የለም ተብሏል። የሌለ ነገር ደግሞ አይጻፍም።»

«እርስዎ የለም ይላሉ?»

«እኔ የለም አላልሁም። አልጽፍም ነው ያልሁት።»

አንድ ዓመት ከጥቂት ወር በኋላ የንጉሠ ነገሥቱን ዙፋን ከገለበጡት ቃሎች አንዱ አቶ ንጉሡ አልጽፈውም ያሉት ይኸው ቃል ነበር። በዚያ ግንቦት ግን መካነ ሰላም ውስጥ ሰው በሩን ዘግቶም በስሙ አይጠራውም ነበር።

ዝርዝሩ ሊላክ ሁለት ቀን ሲቀረው አቶ ንጉሡ ወላጅ አስጠሩ። ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ነጠላቸውን አደግድገው መጡና ቢሮው ውስጥ፣ ወንበር ቢሰጣቸውም፣ ቆመው ቀሩ። ሐረግ ከበሩ አጠገብ ቆማለች። መለሰና ክንፈም አሉ፤ ባዶው ቅጽ ክንፈ ፊት ነው።

«ወይዘሮ የዓለምዘርፍ፣» አሉ አቶ ንጉሡ፣ «እውነቱን ልንገርዎ። ልጅዎን አላወቅኋትም ነበር። ሰነፍ ብዬ የጻፍሁት ስሕተት ነው። ነገር ግን ደንብ ደንብ ነው። ሠላሳ አራት ቀን ቀርታለች፤ ያለ ምክንያት ስሟን መላክ አልችልም። ክንፈ፣ አሥር ሳምንት አጥንተሃታል። ምክንያቱ ምንድን ነው?»

ክንፈ ሐረግን አየ። ራሷን በቀስታ ነቀነቀች፤ አይሆንም ማለቷ ነው።

«አውቀዋለሁ፣» አለ። «ግን መናገር የኔ አይደለም።»

«እንግዲያው የማን ነው? ከእንግዲህ ሌላ ቀን የለንም እኮ!»

መለሰ ጣልቃ ገባ። «ጌታዬ፣ ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል? ‹ሕመም› ብለን እንጻፍና ይለቅ። ማን መጥቶ ይመረምራታል?»

የአቶ ንጉሡ ፊት በራ። የክንፈም ትከሻ ላላ። እንዲያ ከሆነ ልጅቱ ትፈተናለች፣ የቤቱ ገመና ይሸፈናል፣ ርእሰ መምህሩም ከልጆቻቸው አይለዩም። ብዕሩን አነሣ።

«ቆይ፣» አሉ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ። «ሕመም ማለት ምን ማለት ነው?»

«ታማ ነበር ብለን እንጽፋለን እናቴ፣» አለ መለሰ። «ማንንም አይጎዳም።»

«ምን ታማ?»

«ምንም ይሁን። ሆዷን እንበል።»

«ወረቀቱስ የት ይሄዳል?»

«አውራጃ። ከዚያ ደሴ፣ ከዚያ አዲስ አበባ።»

«እኮ! እስከ አዲስ አበባ ድረስ ልጄን በሽተኛ ልታደርጓት? ነገ የሚያገባት ሲታጣ አንተ ታገባታለህ?»

«እኔማ ባለትዳር ነኝ…»

«እንግዲያው አፍህን ያዝ!»

አቶ ንጉሡ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ግን አልሳቁም። እጃቸውን ከነጠላው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ፤ ክንፈ የዚያን ጊዜ ነው እጁ ምን ያህል እንደ ከሳ ያየው።

«የኔ ልጅ በሽታ የለባትም። በአባቷም በእኔም ሰባት ቤት ቁጠሩ፣ አታገኙም። በሽታ ከተጻፈ ዘር ላይ ይቀራል፤ ነገ ስለ ልጇም ‹እናቷ በሽተኛ ነበረች› ይባላል። ረሃብ ግን…» መለሰ በሩ መዘጋቱን ዞሮ አየ። «ረሃብ ዝናብ ሲመጣ ይሄዳል። እንደ መጣ ይሄዳል። ልጄ ርቧት ነው። ግማሹን ቀን እግሯ አልሄድ ብሏት ቀረች። ግማሹን ቀን እኔ ነኝ ከደጅ የመለስኋት፤ መንገድ ላይ እንዳትወድቅብኝ።»

«እማዬ!» አለች ሐረግ።

«አብሽሪ። ከዋሸሽው እውነቱ ይቀላል።» ከዚያ ወደ ክንፈ ዞሩ፤ አንቱታውንም ተዉት። «አንተም ልጄ፣ ያን ቀን የበላኸው ቂጣ ከጎረቤት የመጣ ነበር። ደርሰህበታል መሰለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሳገኝህ ዓይኔን አታይም። እንዳይጸጽትህ። እኔ የምሞተው እንግዳዬ ጦሙን የወጣ ቀን ነበር። አንተ በልተህ ነው ያቆየኸኝ።»

ክንፈ ወደ ቅጹ አቀረቀረ። ምክንያት የሚለው መስመር ባዶ ነው። ቀና ሲል አቶ ንጉሡ ማኅተማቸውን በመዳፋቸው ውስጥ ይዘው በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ።

«ጌታዬ፣» አለ ክንፈ፣ «እኔ ልጻፈው፣ እኔ ብቻ ልፈርም። የመጣ ነገር ቢመጣ እኔ ልጅ የለኝ፣ ሚስት የለኝ።»

«ያለ ርእሰ መምህር ፊርማ ያ ወረቀት መጠቅለያ ነው፣» አሉ አቶ ንጉሡ ሳይዞሩ። ከውጭ የተማሪዎች ጩኸት ይሰማል፤ የምሳ ሰዓት ነው። ከባሕር ዛፉ ሥር የተቀመጡት ከአምናው በጣም ያነሱ ናቸው፤ ከአጥሩ ሥር ደብተር ይዘው የሚያነቡት ደግሞ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ናቸው። አቶ ንጉሡ ለረጅም ጊዜ ተመለከቷቸው።

«ወይዘሮ የዓለምዘርፍ፣ ይህ ከተጻፈ ስምዎ አብሮ ይጻፋል። ያውቃሉ?»

«ስሜን አልሰረቅሁት። ይጻፍ።»

አቶ ንጉሡ ወደ ወንበራቸው ተመልሰው ተቀመጡ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉት፣ የማኅተሙን ቀለም ወደ ራሳቸው ሳቡ።

«ጻፍ፣ ክንፈ፣» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ክፍል ውስጥ ከፍ ያለና የጠራ ነበር። «‹በረሃብ ምክንያት› ብለህ ጻፍ። እኔ እፈርማለሁ። ሐረግ አድማሴ ትፈተናለች።»